የሙሳ ዓሊ ጫፍና የግርጌው ጠብ

አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ ላይ ድንበር ሲነሳ እጅ ወደ ላይ አይጠቁምም፤ ወደ ታች ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው የአባይ ገደል የጎጃምን ወሰን ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል። «አባይን ተሻግሬ መጣሁ» ያለ ሰው አገሩን ለቆ መጥቷል ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ ዘመዱን ፍለጋ ወደ በረንዳው የሚያቀናው ወጣት እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ዕርዳታ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ላይ በእንቅልፍ ልቡ አልፎ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ድንበሩን ተሻግሯል። ተራራው፣ ማለትም ጮቄ፣ የቀረው ከኋላው፣ በአገሩ መሀል ነው። ጎጃም ጫፉን ከእቅፉ ውስጥ አድርጎ ወሰኑን ገደል ላይ ያሰመረ አገር ነው።

መንግሥታት የሚያሰምሩት ድንበር ግን ከወንዝ ባልተናነሰ ተራራ ይወዳል። ካርታ የሚያነሳ መሐንዲስ ከሩቅ የሚታይ፣ ጎርፍ የማይወስደው፣ ስሙ አንዴ ከተጻፈ በኋላ ከቦታው የማይነቃነቅ ምልክት ይፈልጋል፤ ተራራ ይህን ሁሉ ያሟላል። ዋናው ምክንያት ግን ውል ላይ አይጻፍም። ጫፉ ላይ ሰው አይኖርም። የሚያርሰው የለም፣ ጎጆ የቀለሰበት የለም፣ ስለዚህ ለሁለትም ለሦስትም ሲቆረስ እሪ የሚል አይገኝም። የኢትዮጵያን የድንበር ታሪክ በተራሮቹ በኩል ሲያዩት ደጋግሞ ብቅ የሚለው ነገር ይኸው ነው፦ ጫፉን ሁሉም በሰላም ይካፈለዋል፤ ጠቡ የሚቀረው ግርጌው ላይ፣ ሣርና ውኃ፣ መንገድና ማሳ ባለበት ነው።

ለዚህ ከሙሳ ዓሊ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ የሚገናኙበት እሳተ ገሞራ ነው፤ በእኛ በኩል የአፋር ክልል የኤሊዳር ወረዳ ነው። ቁመቱን አንዱ 2,021 ሜትር ይለዋል፣ ሌላው 2,028፣ ሌላው 2,063። ጅቡቲ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የላትም፤ የአገሪቱ ጣሪያ እሱ ነው። ለኛ ግን ከፍታው ከቁጥርም አይገባም። ጎጃም በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው እንኳ ከጅቡቲ ጫፍ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ይህ ተራራውን ማሳነስ አይደለም። ሙሳ ዓሊ የሚነሳው ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ በረሃ ስለሆነ ከሥሩ ሆኖ ለሚያየው ሰው፣ ከደጋ ላይ ተነስተው 4,000 ሜትር ከሚያልፉት የሰሜን ተራሮች ይልቅ ግርማው የገዘፈ ነው።

ተፈጥሮው የእሳት ነው። አናቱ ተደርምሶ ሰፊ ጎድጓዳ ሆኗል፤ በጎድጓዳው ውስጥ ከብዙ ዘመን በፊት ወፍሮ የወጣው ቅልጥ አለት ጉብ ጉብ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። በጽሑፍ የተያዘ ፍንዳታ የለውም፤ የመጨረሻው የፈነዳው ታሪክ ጸሐፊ በሌለበት ዘመን ነው። ሞቷል ማለት ግን አይቻልም። እዚያው የአፋር እሳተ ገሞራዎች መስመር ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ የሚገኘው ናብሮም ታሪክ የመዘገበው ፍንዳታ ያልነበረው፣ ሁሉም ተኝቷል ብሎ የተወው ተራራ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በድንገት ፈነዳና አመዱ ድንበር ሳይለይ ወደ ኢትዮጵያም ወደ ሱዳንም ተበተነ፤ የአውሮፕላን በረራዎችም ተስተጓጎሉ። አፋር የመሬት ቅርፊት ሦስት ቦታ የሚሰነጠቅበት፣ የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ዝርጎች እየተራራቁ የሚሄዱበት ምድር ነው። ሦስት መንግሥታት መስመራቸውን አምጥተው ያገጣጠሙት፣ ምድሪቱ ራሷ ሦስት ቦታ ልትከፈል በምትታገልበት አካባቢ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ደስ የሚል አጋጣሚ ግን ነው።

መስመሮቹ የመጡት በየተራ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897፣ ከዓድዋ ድል በዓመቱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከላጋርድ ጋር የፈረንሳይ ሶማሊላንድን ወሰን ተዋዋሉ። በ1900 እና በ1901 ፈረንሳይና ጣሊያን ቀይ ባሕር ላይ ካለው ከራስ ዱሜራ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ የራሳቸውን መስመር ተስማሙ። በግንቦት 1908 ደግሞ ምኒልክና ጣሊያን ሦስተኛውን አሰመሩ፤ የዳንከል በረሃ ወሰን ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ አሉ። በወረቀት ላይ የጠራ ነገር ይመስላል። ዳርቻው ግን ወጣ ገባ ነው፤ ሰላጤ አለው፣ ደሴት አለው። ስድሳው ኪሎ ሜትር ከየትኛው ድንጋይ ይቆጠራል? ሁለቱ መንግሥታት መሬት ላይ ወርደው በጋራ ምልክት ሊያደርጉ በውሉ ቃል ተገብቶ ነበር። አላደረጉትም። የሦስት ውሎች ጫፍ የሚገናኝበት ሙሳ ዓሊ ስሙ ካርታ ላይ ሲጻፍ አናቱ ላይ ወጥቶ ችካል የተከለ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተጠየቀው አፋሩ ነው። ዛሬ በሦስቱም አገር ይኖራል፤ ተራራው ግን ለእሱ ሦስት ቦታ አልተከፈለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሁሉ በፊት ዳጉ ይለዋወጣሉ። ቁጭ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር በቀለ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ታመመ፣ ማንን ከማን ጋር አየኸው። የሰማውን አጣሞ የሚያደርስ ሰው ከፍ ያለ ነቀፋ ያገኘዋል። በዚያ ወሬ ውስጥ የሙሳ ዓሊ ቦታ ግልጽ ነው፤ ከሩቅ የሚታይ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው፣ ዳመና ሲይዘው ደግሞ ተስፋ ነው። ዜግነት ያለው ተራራ አይደለም። የጅቡቲ ዘላን ግመሎቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር የሚከተለው ዝናቡን ነው፤ የ1908ን ውል አንብቦ የሚመለስ ግመል እስካሁን አልታየም።

ተራራው በዓለም ፊት ስሙ የተጠራው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በግሸን ማርያም ዕለት። ያን ጊዜ ከጣሊያን ጋር ከተደረገው የወልወል ግጭት ወዲህ አሥር ወር ያህል አልፎ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠብ አጫሪ ተብለው እንዳይከሰሱ ሠራዊታቸውን ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ አዝዘዋል። ጣሊያን ደግሞ በአሰብም በአስመራም ጦሩን እያከማቸ ነው። በዚያ ዕለት ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቭ፣ ወደ መንግሥታቱ ማኅበር የሄደው ቴሌግራም የጣሊያን ወታደሮች በአውሳ፣ በሙሳ ዓሊ አካባቢ፣ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ወሰን አጠገብ ድንበር ጥሰው መግባታቸውንና ለትልቅ ማጥቃት መሠረት እያዘጋጁ መሆኑን ይናገር ነበር። ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው የሚገርመኝ። ቦታው በፈረንሳይ ግዛት በኩል በቀላሉ ሊደረስበት ስለሚችል ማኅበሩ ታዛቢ ልኮ በዓይኑ ይይ ተባለ።

ጥያቄው ብልህ ነው። ሦስት ወሰን የሚገናኝበት ተራራ ሦስተኛ ምስክር አለው። መረብ ላይ ቢሆን ኖሮ ወንዙ ማዶና ማዶ ጣሊያንና ኢትዮጵያ ብቻ ስለሆኑ ነገሩ «አንተ ነህ፣ አንተ ነህ» ከመባባል አያልፍም። ሙሳ ዓሊ ግን የፈረንሳይም ደጃፍ ነው። ችግሩ ፈረንሳይ ማየት አትፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1935 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ሲፈራረም፣ ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ ሰሜናዊ ዳር ላይ 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ለጣሊያን ሊለቅ፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በሚሄደው ባቡር ኩባንያ ውስጥም 2,500 አክሲዮን ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር። ያ ውል በኋላ ሳይጸና ቀረ፤ መስከረም ላይ ግን ገና ትኩስ ነው። ታዛቢ ወደ ሙሳ ዓሊ አልሄደም። በማግስቱ መስከረም 22 ጎሕ ሲቀድ የጣሊያኑ ጄኔራል የደ ቦኖ ጦር መረብን ተሻገረ፣ ዓድዋ በቦምብ ተደበደበች፤ አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ማኅበሩ ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት መክፈቷን ያወጀው ከዚያ በኋላ ነው። ሙሳ ዓሊ ከጋዜጣው የፊት ገጽ ባንድ ቀን ወረደ፤ ዛሬም ስለ ወረራው ሲወራ ከመረብ የሚጀመረው ለዚህ ይመስለኛል።

ልብ በሉ፣ ጣሊያኖቹም ተራራውን ፈልገው አልመጡም። ከአሰብ ወደ መሀል አገር የሚያስገባው በረሃ ግርጌው ላይ ነው። በዚያ በኩል የተላከው ጦር ከወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1936፣ አውሳ ውስጥ ሰርዶ ደረሰ። ከነፃነት በኋላ ያው በረሃ የአገሪቱ ጉሮሮ ሆነ፤ ከሚሌ በማንዳና በቡሬ አድርጎ አሰብ የሚገባው አስፋልት ስንት ነዳጅና ስንት እህል አመላልሷል። የመርካቶ ነጋዴ ዕቃው የት ደረሰ ሲባል «አሰብ ላይ ነው» የሚልበት ዘመን ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ ቡሬ ግንባር ሆነች። ከሦስቱ መስመሮች የጅቡቲና የኤርትራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ደም አፋሰሰ፤ ደሙ የፈሰሰው ግን በተራራው ጫፍ አይደለም፣ መስመሩ ባሕር በሚነካበት በራስ ዱሜራ ነው። አንድ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጸጥ ብሏል፣ ሌላው ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ነው። ማን በየትኛው እንደሚታኮስ መገመት አያቅትም።

በምዕራብም ያው ነው። ከመተማ በስተሰሜን፣ ኢትዮጵያና ሱዳን በሚዋሰኑበት፣ ዳግሊሽ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ለወሬ አይበቃም። ሆኖም የሁለቱ አገሮች የድንበር ሰነድ ያለ እሱ አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ በካርታ ላይ ከተዋዋሉ በኋላ መሬት ላይ ወጥቶ በ1903 ያሰመረው ሻለቃ ግዊን ነው። በኢትዮጵያ በኩል አብሮት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ቅሬታችን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ከዚህ የተነሳ ነው። በ1972 ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ሲለዋወጡ ነገሩን በዳግሊሽ ለሁለት ከፈሉት፦ ከተራራው በስተደቡብ ያለው በግዊን መስመር ላይ ተመሥርቶ ይካለል፣ በስተሰሜን ያለው ሰፍረው የሚያርሱ ሰዎች ስላሉበት መጀመሪያ የጋራ ኮሚቴ ያጥናው አሉ። በስተሰሜን ያለው አል ፋሽቃ ነው። ሜዳ ነው፣ ጥቁር አፈር ነው፣ ሰሊጥና ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር የገባው ወደዚያ ነው። ተራራውን «የኔ ነው» ያለ የለም።

ዝርዝሩን ማብዛት ይቻላል፤ ባድመ ሜዳ ነው፣ ወልወል የውኃ ጉድጓድ ነው፣ ከኬንያ ጋር ለብዙ ዘመን ያነታረከው ጋዳዱማም የውኃ ጉድጓድ ነው።

የውጭው ዓለም ልምድ ይህን ያጠናክራል፤ አንዳንዴም ያስቃል። ቺሊና አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1881 ወሰናቸውን ከአንዲስ ተራሮች ላይ ሲያሰምሩ «ውኃውን ለሁለት የሚከፍሉት ረጃጅም ጫፎች» ብለው ተስማሙ። ችግሩ ደቡብ ሲደርሱ ረጃጅሞቹ ጫፎች አንድ ቦታ፣ ውኃ የሚከፈልበት ሌላ ቦታ ሆኖ መገኘቱ ነው። በመካከሉ ለም ሸለቆዎች ቀሩ። ነገሩ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ ሰባተኛ ዳኝነት ቀርቦ በ1902 ሲቆረጥ የዳኛው መልእክተኛ ወደ ሸለቆው ወርዶ ሰፋሪዎቹን አነጋግሯል፤ ጫፉን አነጋግሮ የሚያገኘው መልስ ስለሌለ። ቻይናና ኔፓል ኤቨረስትን በ1961 ውላቸው በአናቱ ላይ ከፍለው ተስማምተዋል። ኖርዌያውያን ደግሞ ፊንላንድ 100 ዓመት ሲሞላት ሃልቲ ከተባለው ተራራ ጫፍ ትንሽ ቆርሰን ስጦታ እንስጣት ብለው ነበር፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2016 ሕገ መንግሥቱ መሬት መስጠት ይከለክላል ብላ መለሰች። ጫፍ በስጦታ የሚታሰበው እንግዲህ ዳቦ ስለማይበቅልበት ነው። የኪሊማንጃሮን ጉዳይ ብዙ ሰው ንግሥት ቪክቶሪያ ለጀርመን የልጅ ልጇ በልደቱ ሰጠችው ብሎ ያወራል፤ ተረት ነው። የኬንያና የታንዛኒያ መስመር ተራራው ጋ ሲደርስ የታጠፈው እንግሊዝና ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1886 የጥቅም ክልላቸውን ሲከፋፈሉ ነው፤ ሞምባሳ ለእንግሊዝ ቀረ፣ ተራራው ለጀርመን ሄደ። እዚያም ክብደት የነበረው ወደቡ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ልመለስ፤ ምክንያቱም እስካሁን ያልኩትን የሚፈትነው ጮቄ ነው። ጮቄ የአገር ድንበር አይደለም፤ የወረዳ ድንበር ግን ነው። ስናን፣ ቢቡኝ፣ ሁለት እጁ እነሴ፣ ደባይ ጥላትግን እየተጋፉ ወደ እሱ ይወጣሉ። ከ22 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከተፈጠረ ሰፊ እሳተ ገሞራ የቀረ ነው፤ ጋሻ በጀርባው እንደተነጠፈ ቀስ እያለ የሚወጣ በመሆኑ ራስጌው ላይ ቆሞ እንኳ ተራራ ላይ መሆኑን የሚረሳ ሰው አይጠፋም። ጫፎቹ 4,000 ሜትር ያልፋሉ። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ተምጫ የሚነሱት ከዚሁ ነው፤ አባይ ጎጃምን ዙሪያውን ስለሚያቅፈው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወርዱ መጨረሻቸው እሱ ውስጥ ነው። እንግዲህ ጎጃም በረንዳ ላይ ወሰን የሚባለው ገደል ጮቄ ላይ በሚወለደው ውኃ ጭምር የተቆፈረ ነው።

በሙሳ ዓሊና በጮቄ መካከል ያለው ልዩነት ግን ጮቄ ጫፉ ድረስ የሚፈለግ መሆኑ ነው። ከታች ጤፍና ስንዴ፣ ከፍ ሲሉ ገብስና ድንች፣ ከዚያ አስታና ጓሳ፣ ከዚያ ጅብራ። ይህ የድሮው ቅደም ተከተል ነው። መሬት ሲጠብ ማረሻው ወጣ፤ ገብሱና ድንቹ 3,500 ሜትርን አልፈው የጓሳውን ቦታ ያዙ። አስታው ለማገዶ ተቆረጠ። ጅብራ የቀረው በየገደሉ ጥግና ማረሻ በማይገባበት ረግረግ ላይ ነው፤ ለዓመታት ባንድ ግንድ ቆሞ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው። ከላይ አፈሩ ሲራቆት የታችኛው ማሳ በጎርፍ ይሸረሸራል፣ ምንጩም በበጋ ይቀጥናል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ያረሰው ሰው ላይ ሳይሆን ሁለት ወረዳ ወርዶ ያለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ የወረዳ ወሰን ጉዳቱን ያብሳል ብዬ አምናለሁ። ጓሳው የሚጠበቀው ማዶና ማዶ ያሉ ቀበሌዎች አብረው ሲጠብቁት ነው፤ አንዱ ሲከለክል ሌላው ካሰማራ የከለከለው ሞኝ ሆኖ ይቀራል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተራራውን ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል። በጮቄ ሥር ያለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም መንደርም እ.ኤ.አ. በ2022 በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የምርጥ መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን እንግዳ አንድ መንደር ያያል፤ ተራራው የብዙ ወረዳ ነው። ለእንግዳው ከሚያስፈልገው ሎጅ በፊት ለጓሳው የሚያስፈልገው የወረዳዎቹ አንድ የጋራ መተዳደሪያ ነው፤ ማን መቼ እንደሚያጭድ፣ ማን የት እንደማያርስ፣ ከላይ ማረሱን የተወ ሰው ከታች ካሉት ምን እንደሚካስ። ገንዘቡ የሚመጣው ከታች ካልሆነ ከየትም አይመጣም፤ ውኃው የሚወርደው ወደዚያ ነውና።

ሙሳ ዓሊን በተመለከተ የመጨረሻው ወረቀት የወጣው ከሄግ ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት ከዘጋው ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ሲሰጥ የ1908ን የ60 ኪሎ ሜትር ቃል ወደ ተከታታይ ነጥቦች ለውጦ ምሥራቃዊውን ክፍል ከጅቡቲ ወሰን ጋር አገናኘው። መሬት ላይ ምሰሶ መትከል ስላልተቻለ በ2006 መጨረሻ ነጥቦቹን በኬንትሮስና በኬክሮስ ብቻ ዘርዝሮ ሁለቱን አገሮች አንድ ዓመት ጠበቃቸው፤ ዓመቱ ሲያልፍ ወሰኑ በዚያው ጸንቷል ብሎ ሥራውን ዘጋ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ቡሬ ላይ ተገናኝተው መንገዱ ሲከፈት ሾፌሮች ስለ አስፋልቱ፣ ነጋዴዎች ስለ ወደቡ ጠየቁ። መንገዱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ምሰሶዎቹም አልተተከሉም፤ ለአሰብ መንገድ ሁለቱ መንግሥታት እንደገና ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው ከጫፉ ሥር፣ ከማንዳ እስከ ቡሬ ባለው ሜዳ ላይ ወርዶ የሚለካ ሰው ነው፤ አጠገቡም በዚያ በኩል ግመሎቹን የሚያሻግር አፋር ሊቆም ይገባል።